የሴራሚክ ባንድ ሂተር፦ ከምርመራው እስከ በትኩሱ ማጥበቅ

ድሬዳዋ ውስጥ ቱቦ፣ ጄሪካን ወይም የጠርሙስ ክዳን የሚያመርት ቤት ግቡ። ከማሽኑ ጥግ የተቃጠሉ ሂተሮች የታጨቁበት ካርቶን አታጡም። ባለቤቱን ጠይቁት። «የዘንድሮ ዕቃ እኮ ዕቃ አይደለም፣ አቦ!» ይላችኋል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ሂተሩ የሚሞተው ከሦስት ነገር በአንዱ ነው። ወይ ላልቶ ታስሯል፣ ወይ የማይመጥነው ቮልቴጅ ደርሶታል፣ ወይ የቀለጠ ፕላስቲክ ተርሚናሉ ላይ ፈሶበታል። ሦስቱም እኛው እጅ ላይ ያሉ ናቸው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከመግዛት ሳይሆን ከመመርመር ነው። የምናወራው በኤክስትሩደርና በኢንጄክሽን ማሽን ባረል፣ ማለትም ፕላስቲኩ በሚቀልጥበት የብረት ቱቦ ላይ እንደ ቀበቶ ስለሚታሰረው የሴራሚክ ባንድ ሂተር ነው። ለምድጃ የሚሆኑት የሲሊኮን ካርባይድ ዘንጎች፣ የፕላስቲክ ሉህ የሚያለሰልሱት ጠፍጣፋ የኢንፍራሬድ ሴራሚኮች ሌላ ዓለም ናቸው። እዚህ አንገባባቸውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ። 380 ቮልት ያለበት ቦርድ ከፍቶ የማያውቅ ሰው የኤሌክትሪኩን ሥራ ለኤሌክትሪሺያን ይተው። መለካቱንና ማሰሩን ግን ማንም ጠንቃቃ መካኒክ ይችለዋል።

ዕቃውን እንወቀው

የኤሌክትሪክ ምጣድ ገልብጦ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ሸክላው ላይ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ይዞራል። ባንድ ሂተርም ሐሳቡ ያው ነው። ልዩነቱ ሸክላው አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ትንንሽ የሴራሚክ ቁራጮች እርስ በርስ ተያይዘው ባረሉን ያቅፉታል። በቀዳዳቸው ውስጥ የኒክሮም ሽቦ ያልፋል። ኒክሮም በተለመደው ዓይነቱ 80 በመቶ ኒኬል፣ 20 በመቶ ክሮም ነው። ከሴራሚኩ ጀርባ ነጭ የሴራሚክ ፋይበር ተነጥፏል፤ ሙቀቱ ወደ ውጪ እንዳይባክን ነው። ከላይ የማይዝግ ላሜራ ይሸፍነውና በብሎን ይታሰራል።

ገበያ ላይ ከጎኑ የምታገኙት ሚካ ሂተር ነው። ሚካ ቀጭንና ርካሽ ነው። ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ግን በንክኪ ስለሆነ ትንሽ ከላላ እዚያው የላላበት ቦታ ላይ ይቃጠላል። የሚችለውም እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሴራሚኩ በንክኪም በጨረርም ያሞቃል። ከ650 ዲግሪ በላይ ይችላል። ፋይበሩ ደግሞ መብራት ይቆጥባል። ለሠራተኛውም እፎይታ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ውጪው 35 ዲግሪ ሆኖ ሽፋን ከሌለው የጋለ ባረል አጠገብ ስምንት ሰዓት መቆም ምን እንደሆነ የቆመ ያውቀዋል። ሐረር ያሉት ወንድሞቻችን በዚህ አይቸገሩም፤ እነሱ ከፍታ ላይ ናቸው።

ሴራሚኩ ጉድለትም አለው። ወፍራም ስለሆነ ቦታ ይፈልጋል። ሲወድቅ ሴራሚኩ ይሰበራል። ፕላስቲኩ የሚወጣበት ጠባብ አፍ፣ ኖዝሉ ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ እዚያ ቀጭን ሚካ ወይም የናስ ሂተር ይሻላል።

የሞተውን ገልጣችሁ እዩ

ማሽኑን አጥፉ። ዋናውን ብሬከር አውርዱና ቁልፍ ቆልፉበት። ቁልፉ ኪሳችሁ ይሁን። ወረቀት መለጠፍ ብቻ አይበቃም። ከበርጫ የሚመለሰው የከሰዓቱ ፈረቃ ልጅ ወረቀት አያነብም፤ ብሬከር ወድቆ ካየ ያነሳዋል። ከዚያ ተርሚናሎቹ ላይ ቴስተር አስገብታችሁ ቮልቴጅ አለመኖሩን አረጋግጡ። ከኒውትራልም፣ ከመሬት ሽቦው ከኧርዝም፣ ፌዝ ከፌዝም ለኩ። ባረሉም እጅ እስኪያስችል ይቀዝቅዝ።

አሁን ሽቦዎቹን ከሂተሩ ፍቱና ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉት። ሳይፈታ መለካት ዋጋ የለውም። የአንድ ዞን (ሙቀቱ ለብቻው የሚስተካከል የባረል ክፍል) ሂተሮች ሽቦ ጎን ለጎን፣ በፓራለል ስለሚታሰር የምታዩት ቁጥር የሁሉም ጥምር ይሆናል፤ አንዱ ቢሞትም ሌሎቹ ያነባሉ።

ቀመሩ አንድ ነው። ቮልቱን በራሱ አባዙ፣ ለዋቱ አካፍሉ፤ ኦሙን ታገኛላችሁ። 220 በ220 48,400 ነው። ለ1,000 ዋት ስታካፍሉት 48 ኦም ይሆናል። ለ1,500 ዋት 32፣ ለ2,000 ዋት 24። ኒክሮም ሲግል ኦሙ የሚጨምረው በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ ቀዝቅዞ የተለካው ይበቃናል። በተለምዶ አምራቾች ዋቱ ከተጻፈው 5 በመቶ ቢበልጥ ወይም 10 በመቶ ቢያንስ ልክ ነው ይላሉ። ስለዚህ የ1,500 ዋቱ ከ31 እስከ 36 ኦም ካነበበ ጤነኛ ነው። ጭራሽ ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ወደ ሱቅ ይሮጣል። ቆዩ። የት እንደተበጠሰ ማየት የሚቀጥለውን ሂተር ያድናል። ጋዜጣ አንጥፉ፣ ጭምብል አድርጉ፣ እጅጌያችሁን አውርዱ። የሴራሚክ ፋይበር ብናኝ ሳንባም ቆዳም አይወደውም። በኮምፕሬሰር መንፋት የለም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ማሽኑ በጣም አሮጌ ሆኖ ባረሉ ግራጫ ጨርቅ በሚመስል ነገር ከተጠቀለለ ደግሞ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። እሱን አትቅደዱት፣ አትንኩት፤ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

ላሜራውን ስትከፍቱት ሂተሩ የሚናገረው ነገር አለው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሴራሚኩ ጠቁሮ፣ የሽቦው ጫፍ ቀልጦ ትንሽ እንክብል ሠርቶ ካያችሁ፣ እዚያ ጋ ከባረሉ ተለይቶ ነበር ማለት ነው። ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ ራሱ ላይ ተመለሰ። ወደ ባረሉ ስትዞሩ ልክ በዚያው ትይዩ ወይ የደረቀ ፕላስቲክ፣ ወይ የብሎን ራስ፣ ወይ ዝገት ታገኛላችሁ። ካላገኛችሁ ማሰሪያው ላልቶ ነበር።

ሽቦው ከዳር እስከ ዳር ተሰባሪ ሆኖ፣ በጣት ስትነኩት እየተቆረሰ ከመጣ፣ ነገሩ የቮልቴጅ ወይም የዕድሜ ነው። ዕድሜውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አዲስ ሆኖ እንደዚህ ከሆነ ወደ ቦርዱ ሂዱ።

ሦስተኛው በጣም የተለመደው ነው። ተርሚናሉ አጠገብ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥፍር የማያስገባ ቅርፊት አለ። ይህ ፕላስቲክ ነበር። በብሎን ከሚጋጠመው የባረሉ ጫፍ (ፍላንጅ) ወይም ከሙቀት መለኪያው ዘንግ (ቴርሞካፕል) ቀዳዳ ቀስ እያለ ወጣ፣ ሂተሩ ውስጥ ገባ፣ ከሰለ። የከሰለ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከተርሚናሉ ወደ ላሜራው መንገድ ይሠራና ብሬከር ይጥላል፣ ወይም ኧርዝ የሌለው ማሽን ላይ ሠራተኛ ይነዝራል። እንዲህ ካያችሁ አዲስ ሂተር አትሰሩ። መጀመሪያ ፕላስቲኩ የሚያመልጥበትን ዝጉ።

አራተኛ ልጨምር። የተርሚናሉ ዳዶ ሰማያዊና ቡናማ ቀለም አውጥቶ ከሆነ ሂተሩ ሳይሆን ሽቦው ነው ላልቶ የነበረው። ያ ሂተር ምናልባት ደህና ነው። ኦሙን እንደገና ለኩት።

ልኩን ውሰዱ

አሮጌው ሂተር ስለተጣመመ ልኩ የሚወሰደው ከባረሉ ነው። ካሊፐሩ ካልደረሰ ሜትር አዙሩበት፤ ዙሪያውን ለ3.14 አካፍሉ። 377 ሚሊሜትር ከሆነ ዲያሜትሩ 120 ነው። ሁለት ቦታ ለኩ፤ ባረል ሁልጊዜ እኩል አይደለም። እጃችሁን ካላመናችሁት ከቶርኖ ቤት የሚለካ ሰው ጥሩ። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ የነበረባት ከተማ ናት። መለካት የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ለሻጩ የምትሰጡት ይህን ነው፦ የውስጥ ዲያሜትር፣ ስፋት፣ ቮልት፣ ዋት፣ አንድ ወጥ ይሁን ሁለት ግማሽ፣ ተርሚናሉ የት ጋ እንዳለና ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የቴርሞካፕል ቀዳዳ ካለ ቦታውንና ስፋቱን። በስልክ ፎቶ ላኩ። ግን ፎቶ ልክ አይተካም።

ዋቱ ከጠፋባችሁ፣ ወይም ማሽኑን የሸጠላችሁ ሰው የማይመጥን ሂተር አስሮበት ከነበረ፣ ራሳችሁ አስሉት። ብረት አንድ ኪሎውን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.5 ኪሎጁል አካባቢ ይፈልጋል። 150 ኪሎ የሚመዝን ባረል ከ30 ዲግሪ ወደ 200 ለማድረስ 150 በ0.5 በ170፣ ማለትም 12,750 ኪሎጁል ይጠይቃል። ለ3,600 ስታካፍሉት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በአንድ ሰዓት እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ከሚባክነው ጋር 5 ኪሎዋት ያስፈልጋል። ይህን ለዞኖቹ አከፋፍሉ።

ዋቱን በዘፈቀደ ማብዛት ግን አይጠቅምም። ሴራሚክ ባንድ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር እስከ 7 ዋት ይሠራለታል፤ ዕድሜ እንዲኖረው ግን 4 ወይም 5 ላይ ብትተዉት ይሻላል። በ120 ሚሊሜትር ባረል ላይ የ80 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሂተር የሚነካው 300 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። 1,500 ዋት ላይ 5 ይመጣል። ጥሩ ነው። «ቶሎ እንዲሞቅልኝ» ብሎ በዚያው ልክ 3,000 ዋት የሚያዝ ሰው ሂተሩንም ፕላስቲኩንም ያሳርራል።

ቮልቴጁ

ገንዘብ የሚበላው ስህተት እዚህ ጋ ነው።

እኛ ጋ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት ነው። የሂተር ዋት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው የሚጨምረው። 220 የተጻፈበትን 380 ላይ ብታስሩት ሦስት እጥፍ ይስባል፤ ደኅና ሁኑ ነው። 380 የተጻፈበትን 220 ላይ ካሰራችሁት ደግሞ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይሠራል። አይቃጠልም። ዞኑ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንፏቀቅ ይውላል። 240 የተጻፈበት እኛ ጋ 84 በመቶውን ይሰጣል፤ ያስኬዳል።

ማታ ማታ መብራቱ ወርዶ 190 ቮልት ሲሆንስ? ሂተሩ 75 በመቶ ላይ ነው። «ሂተሩ ደክሟል፣ ቀይረው» ከማለታችሁ በፊት ቮልቴጁን ለኩ።

ከሁሉ ተንኮለኛው የኒውትራል መላላት ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ ሂተሮቹ ለሦስቱ ፌዞች ተከፋፍለው በአንድ ኒውትራል ይመለሳሉ። ኒውትራሉ ሽቦ ማገናኛው ሞርሴቶ ላይ ከላላ ሂተሮቹ እርስ በርስ በ380 መካከል ይቀራሉ። በአንዱ ፌዝ 1,000 ዋት፣ በሌላው 2,000 ዋት አለ እንበል፤ ሦስተኛው ጠፍቷል። ትንሹ 253 ቮልት ይደርሰዋል፣ ትልቁ 127። ማለትም ትንሹ ከሚገባው 30 በመቶ በላይ እየነደደ፣ ትልቁ አልሞቅ ይላል። መካኒኩ አልሞቅ ያለውን ይቀይራል፣ በሳምንቱ ትንሹ ይቃጠላል፣ እሱንም ይቀይራል። ወጪው ይቀጥላል። ምልክቱ ይህ ነው፦ አንድ ዓይነት ሂተር ደጋግሞ ከሞተ መጀመሪያ የኒውትራሉን ዳዶ አጥብቁ።

ሲደርሳችሁ

ዕቃው በአብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። የድሬ አየር ደረቅ ነው፤ ኮንቴይነሩ የቆየበት ወደብ ግን ደረቅ አይደለም። ሴራሚኩና ፋይበሩ እርጥበት ይስባሉ። ስለዚህ ከሳጥኑ አውጥታችሁ ወዲያው አትሰሩ። ኦሙን ለኩ፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ ወደ ላሜራው እንዳያመልጥ በሚፈትሸው የ500 ቮልት መለኪያ፣ በሜገር፣ ከተርሚናሉ ወደ ላሜራው ለኩ። ከ1 ሜጋኦም በላይ ከሆነ እሰሩት። ከዚያ ካነሰ 120 ዲግሪ አካባቢ ባለ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት አቆዩትና ድገሙ። አሁንም አልነሳ ካለ መልሱት። ሜገር ከሌላችሁ ተዋሱ። ተራ ቴስተር ይህን አይለካም፤ በ9 ቮልት ባትሪ የሚለካ ነገር እርጥበትን አያጋልጥም።

ሂተሩን ገና ሳይታሰር፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ መብራት መስጠት ክልክል ነው። ሙቀቱን የሚወስድለት ብረት ስለሌለ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይበላል። ሱቅ ውስጥ እንዲህ አድርጎ የሚያሳያችሁ ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ባረሉን አዘጋጁ፣ እሰሩ

ባረሉ ላይ የደረቀውን ፕላስቲክ በናስ መቧጠጫ አንሱ። ከዚያ የሽቦ ብሩሽ፣ በመጨረሻ የብርጭቆ ወረቀት። ዘይትና ግሪስ በጨርቅ ይጠረግ፤ ከቀረ ሲሞቅ ይጨስና ይከስላል። በእጃችሁ ዙሪያውን ዳብሱት። ጣት የሚይዘው ነገር ካለ ሂተሩም ይይዘዋል።

ሴራሚክ ባንድ ብዙ አይከፈትም። ቁራጮቹ ያለቅጥ ሲለያዩ ሽቦው ይለጠጣል፣ ጠርዙም ይሰነጠራል። ባረሉ ጫፍ ነፃ ከሆነ ከጫፍ አስገብታችሁ አንሸራቱት። ካልሆነ ሁለት ግማሽ የሆነውን ግዙ። አንድ ወጡን እንደ ምንም ፈልቅቆ ማስገባት ይቻላል፤ ዕድሜው ግን ያኔውኑ ያጥራል።

ተርሚናሉ ወዴት ይዙር? ከላይ ፕላስቲክ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች። ሠራተኛ በሚያልፍበት በኩል ግን አይሁን። ፍላንጁ አጠገብ ላለው ሂተር ከቁራጭ ላሜራ ትንሽ መከለያ ሠርታችሁ ከላዩ ብትሰቅሉ ከአምስት መቶ ምክር ይበልጣል።

ብሎኑን ቀስ በቀስ አጥብቁ። ሁለት ግማሽ ከሆነ በሁለቱም ወገን እየተቀያየራችሁ፣ ክፍተቱ እኩል እንዲሆን። ልኩ ይህ ነው፦ ሂተሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ለማዞር ስትሞክሩ የማይነቃነቅ ከሆነ በቃ። በረጅም ቁልፍ ተንጠልጥላችሁ ብታጠብቁ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ሴራሚኩ ነው።

ሽቦውና ቴርሞካፕሉ

ተራው የቤት ሽቦ ፒቪሲ ሽፋን አለው፤ የሚችለው 70 ዲግሪ ነው። ሂተር ተርሚናል ላይ ካሰራችሁት ይቀልጣል። የፋይበርግላስ ሽፋን ያለው፣ ኒኬል የተቀባ ሽቦ ፈልጉ። ድሬ ውስጥ ታይዋን ገበያ ብትዞሩ አንዳንዴ ይገኛል፤ ካልተገኘ ከሂተሩ ጋር አብራችሁ እዘዙት። መገጣጠሚያው ላይ ናስትሮ መጠቅለል የለም። የሴራሚክ ሞርሴቶ ተጠቀሙ። ቀለበት ያለው ኬብል ጫፍ፣ ከላይ ዋሸር፣ ሁለት ዳዶ። ስታጠብቁ የታችኛውን ዳዶ በሌላ ቁልፍ ያዙት፤ አለዚያ ተርሚናሉ ራሱ ዞሮ ውስጥ ያለውን ሽቦ ይበጥሳል። አዲስ ሂተር ገና ሳይሠራ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ኧርዝ ሽቦው ለላሜራው ወይም ለማሽኑ አካል ይታሰር። ድርድር የለውም።

ቴርሞካፕሉን አታቅልሉት። ጫፉ የቀዳዳውን ወለል መንካት አለበት። ካልነካ አየር ይለካል፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ገና ነው ብሎ ሂተሩን ሲነዳው ይኖራል። ዓይነቱም ከኮንትሮለሩ ጋር ይግጠም። ማሽኑ ላይ ኬ ቴርሞካፕል እያለ ኮንትሮለሩ ጄ ላይ ከተስተካከለ፣ ስክሪኑ 200 ሲል ባረሉ ከ250 አልፏል። ፖሊኤቲሊን ሲጨስ ታዩታላችሁ። ፒቪሲ ከሆነ ደግሞ የሚወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ነው፤ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ ብረትም ይበላል። መለያ ካጣችሁ ማግኔት አምጡ። የኬ አሉታዊ ሽቦ በማግኔት ይሳባል፤ የጄ ደግሞ አዎንታዊው፣ ብረት ስለሆነ።

ከቴርሞካፕሉ እስከ ቦርዱ ባለው መንገድ ተራ መዳብ ሽቦ አትቀጥሉበት። የቴርሞካፕሉ ራስ ባረሉ ጋ 60 ዲግሪ፣ ቦርዱ ውስጥ 35 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 25 ነው፤ ስክሪኑ በዚያው ያህል ዝቅ አድርጎ ያነብባችኋል። የዓይነቱን ማራዘሚያ ኬብል ግዙ።

ቦርዱ በድሬ ሙቀት

ሂተሩን የሚያበራው ኮንታክተር (በብረት ነጥቦች የሚገናኝ ማብሪያ) ከሆነ ነጥቦቹን እዩ፤ ከጠቆሩ ቀይሩ። ሶሊድ ስቴት ሪሌ (ነጥብ የሌለው የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ) ከሆነ ግን ትንሽ ቆም በሉ። 1,500 ዋት 6.8 አምፔር ነው የሚስበው። «10 አምፔር ይበቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሪሌው ላይ የተጻፈው አምፔር የሚሠራው ጥሩ ማቀዝቀዣ ብረት ላይ፣ ቀዝቀዝ ባለ አየር ውስጥ ነው። እኛ ጋ የተዘጋ ቦርድ ውስጥ 50 ዲግሪ መግባት ቀላል ነው። 25 ወይም 40 አምፔሩን ውሰዱ። ከጀርባው የሙቀት ፓስታ ቀቡ፤ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር በደንብ እሰሩት፤ ክንፎቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይቁሙ። ቦርዱ ላይ ፋን ካለ አቧራውን አራግፉ።

ሶሊድ ስቴት ሪሌ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ እንደበራ ነው የሚቀረው። ኮንትሮለሩ «አጥፋ» ቢልም ሂተሩ መንደዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከፊቱ ዋና ኮንታክተር ይኑር፤ ሙቀቱ ከተወሰነ በላይ ሲያልፍ የኮንትሮለሩ አላርም እሱን ይጣለው። የዚህ ዋጋ ከአንድ ባረል ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ማሞቅ፣ ከዚያ በትኩሱ ማጥበቅ

መጀመሪያ ሁሉንም ዞን 100 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። የቀረ እርጥበት ይውጣ። ትንሽ ጭስና ሽታ ሊኖር ይችላል፤ ቶሎ መጥፋት አለበት። ከዚያ ወደ 150።

እዚህ ላይ መብራቱን አጥፉ፣ ብሬከሩን ቆልፉ፣ የሙቀት ጓንት አድርጉና ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የሂተሩ ላሜራ ከባረሉ ቀድሞ ስለሚግልና ስለሚሰፋ በቀዝቃዛው የታሰረው ይላላል። ሩብ ዙር፣ አንዳንዴ ግማሽ ዙር እንደሚገባ ታያላችሁ። ያ ሩብ ዙር ነው ሂተሩን ለዓመት የሚያቆየው። በማግስቱም፣ አንድ ፈረቃ ከሠራ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ተመልከቱት።

ከዚያ ወደ ሥራ ሙቀት። ለዝቅተኛ ዴንሲቲ ፖሊኤቲሊን ከ160 እስከ 220፣ ለከፍተኛ ዴንሲቲው ከ180 እስከ 240፣ ለፖሊፕሮፒሊን ከ200 እስከ 250፣ ለፔት (የውሃ ጠርሙሱ ፕላስቲክ) ከ260 እስከ 280 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስክሪኑ ቁጥሩን ስላሳየ ባረሉ ውስጥ ፕላስቲኩን የሚገፋውን ስክሩው አታዙሩ። የብረቱ ቆዳ ነው የደረሰው፤ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ገና ነው። እንደ ማሽኑ ትልቅነት ሃያ ደቂቃ ወይም ግማሽ ሰዓት ጨምሩለት። በዚህ ጊዜ ቅርጽ ከሚያወጣው ዳይ ወይም ከኖዝሉ ፊት ማንም አይቁም። የታመቀ ጋዝና የቀለጠ ፕላስቲክ በአንዴ ሊተፋ ይችላል።

ሲረጋጋ ኮንትሮለሩ ራሱን ከሂተሩ ጋር የሚያስተካክልበትን «ኦቶቱን» አስነሱት። አዲሱ ሂተር እንደ አሮጌው አይሞቅም፤ አሮጌው ቁጥር ከቀረ ሙቀቱ ከላይ ታች ይዋልላል።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ፣ ሲመለስ ሁሉም ሂተር በአንዴ እንዳይነሳ ብሬከሮቹን አውርዳችሁ ጠብቁ። ቮልቴጁ ሲረጋጋ ዞን በዞን አንሱ። ፒቪሲ የምትሠሩ ከሆነ መብራቱ እንደሚቆይ ካወቃችሁ፣ ጀነሬተር ካለ ስክሩውን ብቻ አዙራችሁ ባረሉን አጽዱ፤ ውስጡ ተቀምጦ አይቃጠል።

በወር አንድ ጊዜ ሽቦ ሳይፈታ አምፔር የሚለካውን ክላምፕ ሜትር ያዙና ሁሉም ዞን በርቶ ሳለ የእያንዳንዱን ሂተር አምፔር ለኩ። ዋቱን ለቮልቱ ስታካፍሉ የሚመጣው ነው፦ 1,000 ዋት 4.5፣ 1,500 ዋት 6.8፣ 2,000 ዋት 9.1። ዜሮ የሚያነብ ካለ ሞቷል፤ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይታይ ጎረቤቶቹ ሸክሙን ተሸክመውለታል። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ከአሥር በመቶ በላይ ያነሰ ካለ መጀመሪያ ተርሚናሉን አጥብቁ፣ ከዚያ ኦሙን ለኩ፣ ከዚያ ብቻ እዘዙ። ቁጥሮቹን ከቦርዱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ከነቀኑ በማርከር ጻፏቸው።